ወለባ የመሰለችኝ ጭረት

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወይኒቱ እንዳለው
ዕድሜ፦ 41 ዓመት
ሥራ፦ ሹሩባ ሠሪ
አድራሻ፦ ቡሬ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ረቡዕ ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡30 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ሙሉሰው ይታገሱ
የግል ተበዳይ፦ ወ/ሮ እህተ ማርያም ገብረሰንበት፣ 74 ዓመት፣ የጅጋ አካባቢ ገጠር ነዋሪ
ተጠርጣሪ፦ አቶ የሽዋስ ክንዱ፣ 46 ዓመት፣ ብር ሠሪ፣ ፍኖተ ሰላም
ጉዳዩ፦ ለጥገና በአደራ የተሰጠን የብር ሳንቲም በሌላ ለውጦ መልሷል መባሉ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው፣ በሐሰት መመስከር በሕግ እንደሚያስጠይቅ ተነግሮኝና ገብቶኝ፣ ስለ ሳንቲሟ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ሁለቱም ነበረኝ ብያለሁ። አቶ የሽዋስ ክንዱ ከ1996 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለቤቴ ነበር። የተፋታነው በሽማግሌ ፊት ነው። ልጅ የለንም፣ በንብረትም አንካሰስም። ዋና ሳጅን ሙሉሰው የፍችውን ምክንያት ሲጠይቁኝ «ማጽዳት» ብዬ መለስኩ። ሳጅኑ ብዕራቸውን አንስተው አዩኝ። ከጉዳዩ ጋር ስለሚገናኝ ይጻፍልኝ ብዬ አመልክቼ ተጽፏል።

የሽዋስ አሮጌ ነገር አይቶ እጁን መሰብሰብ የማይችል ሰው ነው። ብርም ይሁን ነሐስ፣ የበር ማጠፊያም ይሁን የፈረስ ልጓም፣ ጥቁረት ካየበት ሎሚና አመድ ይዞ ይቀመጣል። ሙያው ይህ ነው እንዳይባል፣ ሰው ሳያዘው ነው የሚያደርገው። የአያቴን የአንገት መስቀል እኔ ገበያ በወጣሁበት ፈትጎ ፈትጎ፣ ከጀርባው ተቀርጾ የነበረውን የክርስትና ስሟን አጠፋው። ስመለስ እጁ ላይ እያብለጨለጨ «አሁን አዲስ ሆነ» አለኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን እግዜር ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ሲያፋቱን ከእንግዲህ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የማንንም ዕቃ እንዳያጸዳ ቃል አስገብተውታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሌባ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር የሰው ብር ሲለውጥ፣ አደራ ሲበላ አላየሁም። ይህን የምለው አዝኜለት አይደለም፤ ያላየሁትን አየሁ ልል ስለማልችል ነው።

ስለ ጉዳዩ የሰማሁት ትናንት ማክሰኞ ጥር 23 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ፣ ቡሬ በሚገኘው የሥራ ቦታዬ ደንበኛ እየሠራሁ ሳለ ነው። ስልክ የደወለችልኝ ያምሮት ትባላለች። ያምሮት የግል ተበዳይዋ የወ/ሮ እህተ ማርያም የልጅ ልጅ ስትሆን፣ በ2009 ዓ.ም. ስትዳር ጸጉሯን የሠራሁት እኔ ነኝ። የነገረችኝም እንደሚከተለው ነው። ወ/ሮ እህተ ማርያም ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ የሚያስሩት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የብር ሳንቲም አላቸው። የሳንቲሟ ማንጠልጠያ ስለተሰበረ፣ ለአስተርእዮ ማርያም በዓል እንድትደርስላቸው ሐሙስ ጥር 18 ቀን ለየሽዋስ ጠግነህ መልስልኝ ብለው በአደራ ሰጡት። ቅዳሜ ጥር 20 ቀን ሊወስዱ ሲመጡ ፀሐይ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ሳንቲም አቀበላቸው። የእኔ አይደለም አሉ። እሱም የእርስዎ ናት አለ። ሰው ተሰበሰበ። በዓሉን ባዶ አንገታቸውን አሳልፈው ሰኞ ጥር 22 ቀን አመለከቱ፣ እሱም በዚያው ቀን ተያዘ።

የወ/ሮ እህተ ማርያም ክርክር እንዲህ ነው። ሳንቲሟን አባታቸው አቶ ገብረሰንበት ኢየሩሳሌም ተሳልመው ሲመለሱ ያመጧት ናት። እንደ ኑግ የጠቆረች ስትሆን በጥቁረቱ ውስጥ የሴት ፊት እንደ ጥላ ይታይባታል። አባታቸው የእመቤታችን ሥዕል ናት ብለው ስለሰጧቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሲስሟት ኖረዋል። የሽዋስ በሰጣቸው ላይ ያለችው ሴት ግን ራሷን የገለጠች፣ ጸጉሯን የቆለለች ናት። እመቤታችን ያለ መሸፈኛ ተሥላ አይተው ስለማያውቁ፣ ይህ ሌላ ሳንቲም ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈለጉም። በእውነቱ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ያምሮት የደወለችልኝ ጥቁሯን ሳንቲም በሠርጓ ጊዜ በቅርብ ስላየኋት መጥቼ እንድመሰክር ነው። በስልኩ የምንለውን የሰማችው ደንበኛዬ ገና ጸጉሯ በግማሽ እንዳለ አንገቷን አዙራ፣ እግዜር ፈረደልሽ፣ የቀድሞ ባልሽን የምትበቀዪበት ጊዜ መጣ አለችኝ። እግዜር የሚፈርድ ቢሆን በአያቴ መስቀል ይፈርድልኝ ነበር ብዬ ጭንቅላቷን ወደ ቦታው መለስኩት። እሷን ጨርሼ ከሸኘሁ በኋላ የሚዶና የወስፌ ማስቀመጫ ሣጥኔን ገለበጥኩ። ከታች አንድ አሮጌ የቫዝሊን ቆርቆሮ አገኘሁ። በውስጡ ያለውን ነገር የሠራሁት ቅዳሜ ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንዴት እንደሠራሁት እገልጻለሁ።

በዚያ ቀን ለያምሮት ሠርግ ዋዜማ ወደ ጅጋ ገጠር፣ ወደ ወ/ሮ እህተ ማርያም ቤት የሄድኩት ጠዋት 2፡00 ሰዓት ላይ ነው። ሙሽራ ሁሉ አልባሶ ነው የሚለኝ። ያምሮት ግን ማንም ያልተሠራው ካልሆነ አልሠራም ብላ በርጩማው ላይ አኮረፈች። የማውቀውን ሁሉ ብነግራት ይህም አይሆንም፣ ያም የእገሊት ነው አለች። በዚህ መሐል አያቷ የልጅቱን ራስ ለማየት ጎንበስ ሲሉ ሳንቲሟ ከደረታቸው ወጥታ ፊቴ ላይ ተንጠለጠለች። እኔ ሠሪ ስለሆንኩ ከሰው መጀመሪያ የማየው ራሱን ነው። በጥቁረቱ ውስጥ ካለችው ሴት ራስ በላይ የተጠመጠመ ነገር በፀሐይ ታየኝ። እሜቴ፣ ይች ሴት ሹሩባ ተሠርታለች አልኩ። ወ/ሮ እህተ ማርያም ሳንቲሟን በእጃቸው ሸፍነው «ኧረግ! አንች፣ እመቤቴ እኮ ናት፤ ያየሽው ሻሿ ነው» አሉኝ። አልተከራከርኩም። በጣቴ ልዳስሳት ብዬ ግን ለመንኩ።

ብዳስሳት ጸጉር ነው። ሃያ ዓመት በእጄ የያዝኩትን ነገር እጄ አይስተውም። ይሁን እንጂ ጥቁረቱ ዝርዝሩን ስለደበቀው፣ ከማተባቸው ጋር የታሰረ ነገር ደግሞ ከአንገታቸው ስለማይፈቱ፣ ከቤቱ የጧፍ ቁራጭ ወስጄ በመዳፌ አሽቼ አለሰለስኩትና እዚያው አንገታቸው ላይ እንዳለች ሰሙን ተጫንኩባት። እሳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ቶሎ በይ እንጂ፣ እንደ በግ አንገቴን ይዘሽ አትቁሚ እያሉ ይቆጡኝ ነበር። ሰሙን ሳነሳው ሴትዮዋ ቁልጭ ብላ ወጣች። ከፊት ያለው ጸጉሯ በሞገድ ተለይቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ የተጎነጎነው ወደ ላይ ተስቦ አናቷ ላይ እንደ አገልግል ክዳን አምስት ዙር ተጠምጥሟል። በመካከሉ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነገር አለ። ከጆሮዋ በላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን መስመር አግድም ከፍ ብላ ትታያለች። እኔም ይህችን መስመር ወለባ ናት፣ ማለትም ጸጉር ላይ የምትሰካ የብር ጌጥ ናት ብዬ ወሰንኩ።

ሰሙን በርጩማው አጠገብ አስቀምጬ እሱን እያየሁ ከ3፡00 እስከ 9፡00 ሰዓት ሠራሁ። ያምሮት በመስታወት ስታይ ዝም አለች፤ ዝም ስትል አይቻት ስለማላውቅ ደስ እንዳላት ገባኝ። ወለባ በቤቱ ስላልነበረ ቤተሰቦቿ ከጅጋ ከተማ ተውሰው ሲያመጡ፣ ሰሙ ላይ ባለችበት ቦታ፣ በግራ ጆሮዋ በኩል አግድም ሰካሁላት። ሰሙን አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ በቫዝሊን ቆርቆሮ ይዤው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሙሽሮች በእሱ ሠርቻለሁ። ጸጉሩን ቡሬ ላይ «የጅጋው» ይሉታል።

ዛሬ ረቡዕ ጥር 24 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ሰዓት ከቡሬ በሚኒባስ ተነስቼ እዚህ ደረስኩ። ከ4፡00 ሰዓት ጀምሮ ወ/ሮ እህተ ማርያም፣ ያምሮት፣ ተጠርጣሪው፣ እኔና ዋና ሳጅን ሙሉሰው በአንድ ክፍል ነበርን። ወ/ሮ እህተ ማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ባዶ አንገታቸውን በእጃቸው ይነካካሉ። የሽዋስን ስድስት ዓመት በቅርብ አላየሁትም ነበር። ጺሙን ሳይላጭ፣ ጫማው ያለ ማሰሪያ፣ አጎንብሶ ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱ የበለጠ ጠቆረ፤ ልጨክንበት የመጣሁ መስሎታል። ምን እንደፈራ አውቃለሁ። እስሩን አይደለም። ብር ሠሪ አንዴ አደራ በላ ከተባለ ከዚያ በኋላ የሰው ብር እጁ አይገባም። ከአባቱ የወረሰው ሱቅ ሊዘጋ ነው።

ሳጅኑ ሳንቲሟን ከፖስታ አውጥተው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባቸው የተሞረደ ጠገራ ብር ነው ብሎ እንደነበር ነገሩን። ጠገራ ብር ላይ ያለችውን ሴት የማያውቅ የለም፤ ባለ ሻሽ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ብሩም የጀበና ማስቀመጫ የሚያህል ስለሆነ ማንም ሞርዶ እዚህ አያደርሰውም ብዬ አስረድቻለሁ። ከዚያ ቆርቆሮዬን ከፍቼ ሰሙን ከሳንቲሟ አጠገብ አስቀመጥኩ። አምስቱ ዙር አለ። ዶቃው አለ። የሽዋስ ቀና አለ።

ነገር ግን ሳጅኑ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ያምሮት የሠርጓን ፎቶ በስልኳ ስታሳያቸውማ ይበልጥ ነቀነቁ። እንዲህ አሉ፦ «የሰሙ ሴት በር በሩን ታያለች። የሳንቲሙ ሴት መስኮት መስኮቱን ታያለች። ፎቶው ላይ ወለባው በግራ ነው፤ ሳንቲሙ ላይ ያለው መስመር በቀኝ ነው። ምስክሯ ራሷ ባመጣችው ማስረጃ ሁለት የተለያየ ሳንቲም ነው።» ወ/ሮ እህተ ማርያም፣ አላልኩም ወይ ብለው ነጠላቸውን ሳቡ። የሽዋስ ፊቱን በእጁ ያዘ። እኔም ልረዳው መጥቼ የቀበርኩት መሰለኝ፤ ለካ አሁንም ያመኛል።

ጠረጴዛውን ሳይ የቢሮው ክብ ማኅተም ከቀለሙ አጠገብ ተቀምጧል። ሳጅኑን ማኅተሙን አንስተው ከላስቲኩ ላይ ፊደሉን እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው። አንስተው አዩት፤ ፊደሉ ተገልብጦ ስለሚሄድ አልነበብ አላቸው። ወረቀት ላይ ይምቱት አልኩ። መቱት፤ በትክክል ወጣ። መሳቅ ጀመሩ። ሃያ ሦስት ዓመት ማኅተም ስመታ ይህን አላሰብኩትም ብለዋል፤ ይህንንም ራሳቸው ይጻፍ ብለው ጽፈውታል።

መብራት ሲጠፋ የሚበራ የሻማ ቁራጭ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። በመዳፌ አለስልሼ በሁሉም ፊት ሳንቲሟን ተጫንኩበት። አዲሱ ሰም ላይ ያለችው ሴት እንደ አሮጌው በር በሩን ታያለች። ዙሩ አምስት ነው። ከጆሮዋ በላይ ያለችው መስመር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘንበል፣ በአንድ ርዝመት ወጣች። ይህች መስመር ሳንቲሟ ላይ ስትታይ ጭረት ናት፤ ብሩን የገባች ጥልቅ ጭረት። ጭረት ሰም ላይ ስትታተም ከፍ ብላ ስለምትወጣ እኔ ወለባ መስላኝ ነበር። ግራና ቀኙም ስለተገለበጠ፣ ሊሰካ የማይገባውን ነገር፣ በማይገባው ጎን፣ በሙሽራ ራስ ላይ ሰካሁት። ያምሮት ይህን ስትሰማ ስድስት ዓመት በጭረት ስትኮራ መኖሯን ነገረችን፤ ሁላችንም ስቀናል፣ ተጠርጣሪው ግን አልሳቀም።

ሳጅኑ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ እዚህ አላበቁም። ሌላ ተመሳሳይ ሳንቲም ቢኖርስ ብለው ጠየቁ። ለዚሁ ብለው የጠሩት የታሪክ መምህር አቶ ናሁሰናይ 7፡00 ሰዓት ላይ መጡ። ወጣት ናቸው። አጉሊ መነጽር ይዘው በዙሪያዋ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ አነበቡ። ፋውስቲና የምትባል የሮማ ንግሥት ናት፤ ባሏ አንቶኒኑስ የሚባል ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ሳንቲሟም አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት አልፏታል አሉ። በስልካቸው እንደሷ ያሉ የሌሎች ሳንቲሞችን ፎቶ አሳዩን። ሴትዮዋ በሁሉም ላይ አንድ ናት፤ ያው ጸጉር፣ ያው ዙር። በአንዱም ላይ ግን ወለባ የለም። የሳንቲም ባለሙያዎች ንግሥቶቹን ከፊታቸው ይልቅ በጸጉራቸው አሠራር እንደሚለዩአቸው መምህሩ ሲነግሩን፣ እኔ ይህን ለማወቅ ሮም መሄድ አያስፈልግም ብያለሁ። መምህሩ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ጭረቷ የዚህች የአንዲቷ ሳንቲም የራሷ ጠባሳ ስለሆነች፣ ሰሙም ሆነ ፎቶው የመሰከሩት ስለዚህችው ሳንቲም ነው የሚል ነው። ሙዚየም ያሉ ባለሙያዎችም ቢያዩዋት መልካም እንደሆነ መክረዋል። የጽሑፍ አስተያየታቸው ለብቻው ተያይዟል።

ከዚህ በኋላ ተጠርጣሪውን አንድ ጥያቄ እንድጠይቅ ተፈቀደልኝ። «አጸዳኻት?» አልኩት። «ትንሽ ብቻ» አለ። በምን ስለው ሎሚና አመድ አለ፤ በጥርስ ብሩሽም ጨምሯል። ማንጠልጠያውን ሲበይድ አንዲት ጫፏ ነጣ ብላ ታየችው፤ ከዚያ ወዲያ እጁ አልታዘዝ አለው። ለምን ለሳጅኑ ከመጀመሪያው እንዳልተናገረ ሲጠየቅ፣ ሽማግሌ ፊት የገባሁትን ቃል አፈረስኩ ብሎ ከመናገር መታሰሩ ቀሎት እንደነበር አስረድቷል። እንግዲህ ይህ ሰው ጥፋት አለበት። ጥፋቱ ግን መለወጥ ሳይሆን ማጽዳት ነው፤ ለዚህም የተጻፈ አንቀጽ ካለ እኔ ሁለተኛ ክስ አቀርባለሁ። ሳጅኑ አንቀጽ የለውም ብለውኛል።

ሁላችንም የረሳናቸው ወ/ሮ እህተ ማርያም መስኮቱ ሥር እንደተቀመጡ ነበሩ። ሳንቲሟ የእሳቸው መሆኗን መቀበላቸውን ሳጅኑ ሲጠይቋቸው፣ ተቀብያለሁ አሉ። ድምፃቸው ግን የከሳሽ አልነበረም። ከዚያ መምህሩን አዩና «እንግዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን እኔ ማንን ነው የሳምኩት?» አሉ። የሽዋስ ያየውን ነገር ሁሉ የሚፈትገው ከሥሩ ያለውን ባለማሰብ እንደሆነ ያን ጊዜ ዳግም ገባኝ፤ በጣም ተናደድኩበት። መምህሩም ግራ ገብቷቸው የሚያውቁትን መናገር ቀጠሉ። ሳንቲሟ የተሠራችው ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ እንደሆነ፣ ባሏ በጣም ስለሚወዳት ለብዙ ዓመት መልኳን በብር ላይ ሲያስቀርጽ እንደኖረ ነገሩን።

ወ/ሮ እህተ ማርያም ከሞተች በኋላ ነው ያሠራላት ብለው ደግመው ጠየቁ። አዎ አሉ መምህሩ። ሌላ አላገባም ብለው ጠየቁ። አላገባም አሉ። ወ/ሮ እህተ ማርያም ተነስተው ወደ ጠረጴዛው መጡና ሳንቲሟን አንስተው በመዳፋቸው ያዟት። የተናገሩት ቃል በቃል እንዲጻፍ ሳጅኑ አዝዘዋል፦ «እመቤቴን በልቤ ነው የማውቃት፤ እሷ ከአንገቴ ብትወርድም ከልቤ አትወርድም። ይች ደግሞ ከአባቴ ቀን ጀምሮ አንገቴ ላይ ሆና አብራኝ ስትጸልይ ኖራለች። የተወደደች ሴት ናት። እንግዳ ሆና ተገኘች ብዬ አላባርራትም።»

የሽዋስ ተነስቶ እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል ከለከሉት። እንደ ነበረች ላጥቁራት ወይ ብሎ በለሆሳስ ጠየቀ። በሕይወቱ አንድን ነገር ላጥቁር ሲል የሰማሁት ዛሬ ገና ነው። እሳቸው ግን «ተዋት፣ ፊቷን ካየሁት ወዲያ ምን ብዬ እሸፍናታለሁ። አንተ ልጅ ግን፣ የሰጡህን ጠግን እንጂ ያላዘዙህን አትጠብ» አሉት። አቤቱታቸውን ማንሳታቸውንም በቃልና በአውራ ጣት አሻራቸው አረጋግጠዋል። ተጠርጣሪው 8፡00 ሰዓት ላይ ተለቋል።

አሮጌው ሰም በማስረጃነት ይያዛል ስለተባልኩ፣ ፀሐይ እንዳይነካው አደራ ብዬ ከነቆርቆሮው አስረክቤያለሁ። የሽዋስ ከክፍሉ ሲወጣ ቆርቆሮውን አይቶ ቆመ። አመሰግናለሁ የሚል መስሎኝ ነበር። ክዳኑ ዝጓል፣ ልፈትገው ወይ አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ቢሆን አለቅስ ነበር፤ ዛሬ ግን ሳቄ አመለጠኝ፣ እሱም ሳቀ። ቢያንስ ጠይቋል። ሳጅኑ ይህን ለመጻፍ አመንትተው ነበር።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ ሁለት ነገር ጨምሬያለሁ። አንደኛ፣ የንግሥቲቱ ስም፣ የባሏም ስም ተነግሯል፤ የጸጉር ሠሪዋን ስም የጠየቀ የለም። መምህሩም አያውቁትም። አምስት ዙር ሳይላላ፣ አንዲት ክር ሳታፈነግጥ የጠመጠመች እጇ የተባረከ ሴት እንደነበረች እኔ በሙያዬ እመሰክራለሁ።

ሁለተኛ፣ ቃሌን ለመስጠት ወደዚህ ክፍል ስመለስ ወ/ሮ እህተ ማርያም በር ላይ እጄን ይዘውኛል። ባለቤታቸው አቶ ዳኘው በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ጸጉራቸውን ለሐዘን ተላጭተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቢያድግም ሠሪ አልነካውም። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው የእኔስ አምስት ዙር ይደርሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በጣቴ ለካሁት። ነጭና ስስ ስለሆነ ሦስት ዙር ይደርሳል ብያቸዋለሁ። አሁን ግቢው ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር ሻሻቸውን ፈትተው፣ ያምሮት የሳንቲሟን ክር አንገታቸው ላይ እያሰረችላቸው ይጠብቁኛል። የሽዋስ ከሱቁ ወለባ ሊያመጣ ሄዷል፤ እንዳለ፣ ሳይፈትግ እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ። ጭረት መሆኗን አሁን አውቃለሁ፤ ሆኖም አንዴ እንደዚያ ከተለመደ ለምን ይቀራል። በዚህ ጊዜ ግን በቀኝ በኩል ነው የምሰካው።

ከላይ ያለው ቃል ከእኔ አፍ የወጣ፣ ማንም ያላስገደደኝና ያልመከረኝ ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ «ማጽዳት» የሚለው ቃል በትክክል መጻፉንም አይቻለሁ። ሁሉም እውነት ለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወይኒቱ እንዳለው (ተፈርሟል)
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ሙሉሰው ይታገሱ (ተፈርሟል፣ በማኅተም ተረጋግጧል)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 10፡05፤ በምስክሯ ጥያቄ መሠረት ደንበኛ ስለሚጠብቃት ተፋጥኖ የተዘጋ።